ከሰመመን በፊት የሚሰጥ መድኃኒት የደም ግፊትን ምን ያደርገዋል?

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው በዋዜማው ብዙ ምክር ይሰማል። ምክሩ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። አንዱ ሐኪም «የግፊት ኪኒንህን ጠዋት በጥቂት ውሃ ዋጠው» ይለዋል። ሌላው «ከዛሬ ጀምሮ ተወው» ይለዋል። ከዓመታት በፊት ኦፕራሲዮን የተደረገ ዘመድ ደግሞ «እኔን ገና አልጋዬ ላይ ሳለሁ ማረጋጊያ ሰጥተውኝ ነው የወሰዱኝ» ይላል። ዛሬ የሚገባው በሽተኛ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰጠው ይገባል። በዚህ ላይ «ሲያደነዝዙት ግፊቱ ወረደ» የሚል ወሬ ሲጨመርበት ሰው ግራ ይጋባል። ጥፋቱ ቀድሞ በተሰጠው መድኃኒት ላይ ይለጠፋል፤ አንዳንዴም ሳይሰጥ በቀረው ላይ።

በ2024 ጉዳዩ በሐኪሞችም ዘንድ እንደ አዲስ ተነሥቷል (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ከፈረንሳይ ስለ ግፊት ኪኒን፣ ከጀርመን ስለ ማረጋጊያ ጥናቶች ወጡ። የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራትም መመሪያቸውን አደሱ። ብዙዎች የጠበቁት ጥርት ያለ መልስ አልመጣም። ያም ሆኖ እነዚህንና ቀደም ያሉትን ጥናቶች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ቀድሞ የተሰጠ መድኃኒት በግፊት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ በሰዓቱ ይወሰናል፤ ከእሱ ቀጥሎ በሚሰጠው የማስተኛ መጠንም እንዲሁ።

ስለ ምን እያወራን ነው?

ፕሪሜዲኬሽን የሚባለው በሽተኛው ሰመመን ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚሰጠው መድኃኒት ነው። ከዋዜማው ማታ የሚዋጥ አለ። አንድ ሰዓት ሲቀረው የሚዋጥ አለ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር በደም ሥር የሚገባም አለ። ኢንዳክሽን ደግሞ በሽተኛው ነቅቶ ከሚያወራበት ወደ ሙሉ ሰመመን የሚሻገርበት አጭር ጊዜ ነው። እንቅልፉ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይመጣል። የደም ዝውውሩ መናወጥ ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ደቂቃዎች ይቀጥላል።

ቀድሞ መድኃኒት የመስጠት ልማድ የድሮ ነው። በ1846 ቦስተን ውስጥ ኤተር በሚባል የሚተነፈስ ማደንዘዣ የታገዘ ቀዶ ሕክምና በአደባባይ ከታየ በኋላ ኤተር በዓለም ተሰራጨ። ኤተር ጉሮሮን ያስቆጣል፣ ምራቅና አክታ ያበዛል። ስለዚህ ለማድረቅ አትሮፒን፣ ለማረጋጋት ሞርፊን ቀድሞ መስጠት እየተለመደ መጣ። አትሮፒን የልብ ምት ድንገት እንዳይዘገይም ይረዳ ነበር። አብዛኞቹ የዛሬ የሰመመን መድኃኒቶች ጉሮሮን እንደ ኤተር አያስቆጡም። ዋናው ምክንያት ከቀረ በኋላም ልማዱ ለአሥርተ ዓመታት ዘለቀ። አሁን ቀድሞ የሚሰጠው ፍርሃትን ለማብረድ፣ ማስመለስን ለመከላከል፣ ሕመምን ለማስታገስና የግፊትን መውጣት መውረድ ለማለዘብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በመጨረሻው ላይ ነው።

በእነዚያ ደቂቃዎች ግፊቱ ምን ይሆናል?

በብዙ ቦታ በሽተኛን ለማስተኛት የሚውለው ፕሮፖፎል ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ የተለመደው መጠን በኪሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ነው። ፕሮፖፎል የደም ሥሮችን ያላላል። ወደ ልብ የሚወስዱት ደም መልሶች ሲሰፉ ደም እዚያው ይጠራቀማል፤ ወደ ልብ የሚደርሰው ይቀንሳል። ከልብ የሚወጡት ደም ቅዳዎችም ሲላሉ ግፊቱ ይወርዳል። ለወትሮው በአንገትና በደረት ትልልቅ ደም ቅዳዎች ላይ ያሉ የግፊት ጠቋሚዎች ይህን ሲያዩ ልብ ቶሎ ቶሎ እንዲመታ ያደርጋሉ። ፕሮፖፎል ይህንንም ምላሽ ያደበዝዛል። ለዚህ ነው ግፊት እየወረደ የልብ ምት ብዙም ሳይፈጥን የሚታየው። በኪሎ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ሲሰጥ የላይኛው ግፊት ከ25 እስከ 40 በመቶ ሊወርድ ይችላል።

ቀጥሎ የመተንፈሻ ቱቦ ይገባል። ላሪንጎስኮፕ የሚባለው መሣሪያ የምላሱን ሥር ሲያነሣ ሰውነት ተኝቶም ቢሆን ይቆጣል። አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ወደ ደም ይለቀቃሉ። ግፊትና የልብ ምት በሰከንዶች ውስጥ ይነሣሉ። ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ ጫፍ ይደርሳሉ፣ ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ባለው ይረግባሉ። ይህ ምላሽ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሕክምና ጽሑፍ ይታወቃል። ጤነኛ ሰው ይህን ያለ ችግር ያልፈዋል። የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ወይም በአንጎሉ ውስጥ ያበጠ ደም ሥር ያለበት ሰው ላይ ግን ደቂቃዎቹ አደገኛ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያስበው ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ቱቦው ገብቷል። ቀዶ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነው። ነርሶቹ ቆዳውን በአንቲሴፕቲክ እያጸዱ፣ ንጹሕ ጨርቅ እየዘረጉ ነው። በሽተኛውን የሚያመው ወይም የሚቀሰቅሰው ነገር የለም። ሰመመኑ ግን እየሠራ ነው። ሞኒተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ዝም ብሎ መንሸራተት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ በ2018 የወጣ ትንታኔ እንዳሳየው፣ በቀዶ ሕክምና ወቅት ከሚመዘገበው የግፊት መውረድ ሲሶ የሚሆነው ቢላዋ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ይከሰታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያኔ ደም አልፈሰሰም፤ ቀዶ ሐኪሙ ገና ምንም አልሠራም። መውረዱ በአብዛኛው የመጣው ከመድኃኒቶቹና በሽተኛው ይዞት ከመጣው የጤና ሁኔታ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚችል ነው።

ምን ያህል ሲወርድ ነው የሚያሳስበው? ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያዩት አማካይ ግፊትን ነው። ይህ ታችኛው ግፊት ላይ የሁለቱን ልዩነት ሲሶ በመጨመር በግምት ይገኛል። 120 በ80 ለሆነ ሰው 93 ገደማ ነው። ከ65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በታች መውረዱ፣ በተለይም ሲቆይ፣ ከልብና ከኩላሊት ጉዳት ጋር ተያይዞ ታይቷል። ተያይዞ ታየ ማለት ግን ጉዳቱን እሱ አደረሰ ማለት አይደለም። ደካማ ልብ ያለው ሰው ግፊቱም ይወርዳል፣ ጉዳትም ያገኘዋል። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት ከባድ ነው። ይህ ክርክር እስከ መጨረሻው ይከተለናል።

ማረጋጊያዎች፦ ጉዳዩ መጠኑ ላይ ነው

ሚዳዞላም፣ ሎራዜፓምና ዳያዜፓም ቤንዞዲያዜፒን የሚባል አንድ ወገን ናቸው። ፍርሃትን ያበርዳሉ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ፤ ሚዳዞላም ደግሞ የሆነውን ነገር ያስረሳል። ለብቻቸው በተለመደው መጠን ሲሰጡ ጤነኛ ሰው ላይ ግፊትን የሚቀንሱት በጥቂቱ ነው። ከሚቀንሱትም አንድ ድርሻው ፍርሃት ከፍ አድርጎት የነበረው ነው። እስከዚህ ድረስ የሚያስፈራ ነገር የለም።

ችግሩ ከፕሮፖፎል ጋር ሲገናኙ ነው። ሁለቱም አንጎል ውስጥ ጋባ በሚባለው የማርገቢያ ሥርዓት ላይ ይሠራሉ። አብረው ሲሆኑ ውጤታቸው ከድምራቸው ይበልጣል። ፌንታኒልን የመሰለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሲጨመር ደግሞ የበለጠ ይጠነክራል። ስለዚህ ማረጋጊያ የወሰደ ሰው በትንሽ ፕሮፖፎል ይተኛል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው እናስብ። በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ማለት 140 ሚሊ ግራም ነው። ማረጋጊያ ስለወሰደ በ100 ይተኛል እንበል። በልማድ 140ው ከተሰጠው፣ ትርፉ 40 ሚሊ ግራም የሚፈለገውን እንቅልፍ አልፎ ሄዷል፤ ደም ሥሩን ማላላቱን ግን ይቀጥላል። ግፊቱ ሲወርድ «ሚዳዞላሙ ነው» ይባላል። እኔ ግን ስህተቱን መጀመሪያ የምፈልገው ባልተቀነሰው መጠን ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ሚዳዞላም ፕሮፖፎልን ስለሚያሳንስ ግፊትን ይጠብቃል» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ አሳማኝ ይመስላል፣ በከፊልም ልክ ነው። ይሁን እንጂ ሚዳዞላሙ ራሱ ግፊትን ደግፎ የያዘውን የነርቭ ንቃት በጥቂቱ ያነሣል። በፕሮፖፎል መቀነስ የተገኘው በዚህ ሊካካስ ይችላል። ስለዚህ ጥቅሙ በእያንዳንዱ በሽተኛ ላይ እርግጠኛ አይደለም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ግፊት «ወረደ» የሚባለው ከምን ተነሥቶ ነው? ፈርቶ የገባ ሰው ቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ሲለካ የላይኛው ግፊቱ 165 ሆነ እንበል። ከተኛ በኋላ 100 ሆነ። ቅናሹ 39 በመቶ ነው። ያው ሰው ማረጋጊያ ወስዶ 130 ላይ ቢጀምርና 100 ላይ ቢያርፍ ቅናሹ 23 በመቶ ነው። ኩላሊቱና አንጎሉ ያገኙት ግፊት በሁለቱም 100 ነው። ወረቀት ላይ ግን ማረጋጊያው ግፊቱን ያረጋጋ ይመስላል። በመቶኛ ብቻ ውጤት የሚያወራ ጥናት ሲነበብ ይህ ልብ መባል አለበት። ትክክለኛው መነሻ ሰውየው በሰላም ቀን፣ በእረፍት ላይ ያለው ግፊት ነው።

ማረጋጊያውን ለሁሉም መስጠት ግን በሌላ ምክንያት እየቀረ ነው። በ2015 በፈረንሳይ ከ1,000 በላይ በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት 2.5 ሚሊ ግራም ሎራዜፓምን፣ ባዶ ኪኒንን እና ምንም አለመስጠትን አነጻጸረ። በሎራዜፓም የሰዎች እርካታ አልጨመረም። ቱቦው እስኪወጣ የፈጀው ጊዜ ግን ረዘመ፣ አእምሮም ቶሎ ጥርት አላለም። በ2024 የወጣው የጀርመን ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 80 የሆኑ ሰዎችን አየ። 3.75 ሚሊ ግራም ሚዳዞላም ተሰጣቸው። እዚያም አጠቃላይ እርካታ አልተሻሻለም። በጣም ለሚፈራ ሰው ወይም ለሚያለቅስ ሕፃን ማረጋጊያ አሁንም ቦታ አለው። ሰልፍ አሰልፎ ለሁሉም ማደሉ ነው ምክንያት ያጣው።

የግፊትን መውጣት ለመግታት የሚሰጡት

ሌላው ወገን የሚሰጠው ቱቦው ሲገባ የሚመጣውን ጭማሪ ለመቁረጥ ነው። እዚህ ሰዓት ሁሉም ነገር ነው።

ፌንታኒልን እንውሰድ። በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ ኃይሉ ጫፍ የሚደርሰው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ባለው ነው። ባለሙያው ፌንታኒሉንና ፕሮፖፎሉን አከታትሎ ሰጥቶ በአንድ ደቂቃ ተኩል ቱቦውን ለማስገባት ቢነሣ ምን ይሆናል? ላሪንጎስኮፑ ሲገባ ፌንታኒሉ ገና አልደረሰም። ግፊቱ ይወጣል። ባለሙያውም «አልበቃውም» ብሎ ሊጨምር ይችላል። ቱቦው ገብቶ ሁሉም ጸጥ ሲል የመጀመሪያውም የተጨመረውም ፌንታኒል አንድ ላይ ጫፍ ይደርሳሉ። ያኔ ግፊቱ ቁልቁል ይሄዳል። ያው መድኃኒት በዚያው መጠን ከሦስትና አራት ደቂቃ በፊት ቢገባ ጭማሪውን ይቆርጥ ነበር፤ ዘግይቶ ስለገባ መውረዱን አባባሰው። ስለ ፌንታኒል «ይጠቅማል፣ አይጠቅምም» የሚለው ክርክር ላይ ይህ ሰዓት ካልተጠቀሰ ክርክሩ ጎዶሎ ነው።

ኢስሞሎል የሚባለው የልብ ምት ማርገቢያ ግማሽ ዕድሜው ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ነው። ማለትም በዚያ ጊዜ ውስጥ ደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ይቀንሳል። ጭማሪው ራሱ የደቂቃዎች ነገር ስለሆነ ዕድሜያቸው ይመጣጠናል። ሊዶካይን የተባለው ማደንዘዣም በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም ገደማ ቀደም ብሎ ይሰጣል፤ ጥናቶቹ ግን አይስማሙበትም።

ክሎኒዲን ሌላ ታሪክ ነው። አንጎል ውስጥ ገብቶ የሲምፓቴቲክ ነርቮችን ትእዛዝ ከምንጩ ይቀንሳል። ሲምፓቴቲክ የሚባሉት ሰውነትን ለሩጫና ለጠብ የሚያሰናዱት ነርቮች ናቸው። ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በፊት ሲዋጥ የቱቦውን ጭማሪ በደንብ ያለዝባል። እንቅልፍም ይሰጣል፣ የማስተኛ መድኃኒቱንም ያሳንሳል። ነገር ግን ለሰዓታት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ለአምስት ደቂቃ ጭማሪ ሲባል የግማሽ ቀን መድኃኒት ተሰጠ ማለት ነው። ጭማሪው ካለፈ በኋላ፣ ጸጥ ባለው ጊዜም፣ ደም ሲፈስም፣ ማገገሚያ ክፍልም ክሎኒዲኑ አብሮ አለ።

የእሱ ዘመድ ዴክስሜዴቶሚዲን አጠር ያለ ዕድሜ አለው። ሆኖም አንድ ጠባይ አለው። በደም ሥር ፈጥኖ ከገባ መጀመሪያ የዳር ደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ ነው የሚያወርደው። የልብ ምትንም ያዘገያል። ለዚህ ነው በአንድ ጊዜ ከመግፋት በአስር ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲገባ የሚደረገው። ለልጆች በአፍንጫ የሚረጭበት አሠራርም ተስፋፍቷል። ሥራውን እስኪጀምር ግን ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል በጊዜ መሰጠት አለበት።

ቁጥሩ አማረ፣ ሰውየውስ?

ለብዙ ጊዜ አስተሳሰቡ ቀላል ነበር። ግፊትና የልብ ምት እንዳይዘሉ ከተደረገ ልብ ይድናል። ይህን ለመፈተን ፖይዝ የተባለው ጥናት 8,351 በሽተኞችን አሳትፎ ውጤቱ በ2008 ወጣ። ከቀዶ ሕክምናው ከ2 እስከ 4 ሰዓት በፊት 100 ሚሊ ግራም ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ሜቶፕሮሎል፣ ማለትም የልብ ምት ማርገቢያ፣ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። የልብ ድካም ሳይሆን የልብ ጡንቻ መሞት፣ ማለትም ሃርት አታክ፣ ከ5.7 ወደ 4.2 በመቶ ቀነሰ። የተጠበቀው ተገኘ። ግን የሞቱት ከ2.3 ወደ 3.1 በመቶ ጨመሩ። ስትሮክ ከ0.5 ወደ 1 በመቶ ሄደ። የግፊት መውረድ ለዚህ አንዱ ማብራሪያ ተደርጎ ይታያል።

ከስድስት ዓመት በኋላ ፖይዝ ሁለት ክሎኒዲንን ፈተነ። 10,010 ሰዎች ተሳተፉ። መጠኑ በቀን 0.2 ሚሊ ግራም ነበር። ክሎኒዲን ሞትንም ሃርት አታክንም አልቀነሰም። ሕክምና የሚያስፈልገው የግፊት መውረድ ግን ከ37 ወደ 48 በመቶ ገደማ አደገ። ሞኒተር ላይ የሚያምር ቁጥር ለበሽተኛው ጥቅም ምስክር እንደማይሆን ከእነዚህ ሁለት ጥናቶች በላይ ያሳየ ነገር አላውቅም። የግፊትን ጫፍ የሚቆርጥ መድኃኒት ወለሉንም ዝቅ ያደርጋል። ጫፉ ለደቂቃዎች ነው፤ ወለሉ ግን ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ጋ ያስፈልጋል። ጥናቶቹ የሚናገሩት መድኃኒቱን ለቀዶ ሕክምናው ብለው አዲስ ስለጀመሩ ሰዎች ነው። ሜቶፕሮሎል፣ አቴኖሎል ወይም ክሎኒዲን ለዓመታት ሲወስድ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም ግፊቱና የልብ ምቱ ሊፈነዱ ይችላሉ። እነዚህን ማቆም ሳይሆን መቀጠል ነው የሚመከረው።

የግፊት ኪኒኑ ክርክር

ትልቁ ግራ መጋባት ያለው ኢናላፕሪልን በመሰሉትና ሎሳርታንን በመሰሉት ላይ ነው። እነዚህ ፕሪሜዲኬሽን ተብለው የሚሰጡ አይደሉም። ነገር ግን ጠዋት ከተዋጡ ኢንዳክሽኑ ላይ እንደ ፕሪሜዲኬሽን ይሠራሉ።

ግፊትን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ሦስት ምሰሶዎች ናቸው ብንል ይቀላል። አንዱ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ነው። ሁለተኛው ከኩላሊት የሚነሣው የሬኒንና አንጂዮቴንሲን ሰንሰለት ነው። ሦስተኛው ከአንጎል የሚለቀቀው ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞን ነው። ሰመመን የመጀመሪያውን ያላላል። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ሁለተኛውን ይዘጋል። አንዱ ብቻ ይቀራል። በዚህ ላይ በሽተኛው ጾሞ ፈሳሽ ካጠረው ግፊቱ ይወርዳል። አንዳንዴም ለተለመዱት ግፊት ማንሻዎች፣ ለኢፌድሪንና ለፌኒሌፍሪን፣ አልታዘዝ ይላል።

ስለዚህ ይቁም? ስቶፕ ኦር ኖት የተባለው የፈረንሳይ ጥናት በ2024 ወጣ። 2,222 ሰዎች ተሳተፉ። ግማሾቹ ኪኒኑን ከ48 ሰዓት በፊት አቆሙ፣ ግማሾቹ እስከ ቀዶ ሕክምናው ቀን ቀጠሉ። በቀዶ ሕክምና ወቅት ግፊታቸው የወረደው ከቀጠሉት 54 በመቶ፣ ካቆሙት 41 በመቶ ነበር። ሞትና ከባድ ችግር ግን በሁለቱም ወገን 22 በመቶ ሆነ። እኩል።

ከዚህ ሁለት ንባብ ይወጣል። አንዱ ወገን «መጨረሻው እኩል ከሆነ አታስቸግሩ፣ ይቀጥል» ይላል። ኪኒኑ ከቆመ በኋላ ሳይጀመር የሚረሳ እንዳለም ያስታውሳል። ሌላው ወገን «መጨረሻው እኩል የሆነው ባለሙያዎቹ የወረደውን ቶሎ ስላነሡት ነው፤ ያ በሌለበት ቦታ ምን ይሆናል?» ይላል። ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም። የአሜሪካ የልብ ሕክምና ማኅበራት የ2024 መመሪያ ለተመረጡ በሽተኞች ከ24 ሰዓት በፊት ማቆም ሊጠቅም እንደሚችል ይናገራል፤ የልብ ድካም ያለባቸውን ግን ለይቶ ያያል። አንዱ ሐኪም «ዋጠው» ሌላው «ተወው» የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። በአብዛኛው ሁለቱም ማስረጃ አላቸው።

ግፊትን ጠብቆ መያዝ ራሱ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውም አልተዘጋም። በ2017 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡ በሽተኞችን የላይኛ ግፊት ከእረፍት ግፊታቸው በ10 በመቶ ልዩነት ውስጥ ለማቆየት ሞከረ። የአካል ክፍሎች ሥራ መጓደል ከ52 ወደ 38 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው ፖይዝ ሦስት ግን በ7,490 ሰዎች ላይ፣ የግፊት መውረድን ለመከላከል ያለመ አካሄድና መውጣትን ለመከላከል ያለመ አካሄድ በልብና ደም ሥር ችግሮች ልዩነት እንዳላመጡ አሳየ። የመጀመሪያው ትንሽ ጥናት ነው፤ በግለሰቡ ልክ የተሰፋ ነበር። ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ ለሁሉም አንድ ወሰን ነበረው። እኔ ሚዛኔ በግለሰቡ ልክ ወደ መሥራቱ ያጋድላል፤ ትልቅ ጥናት ግን ገና ያስፈልገዋል።

በማን ላይ ይከብዳል?

በ2005 ከ4,000 በላይ መዝገቦችን ያየ ጥናት ከኢንዳክሽን በኋላ ግፊታቸው ክፉኛ የሚወርድባቸውን ለይቶ ነበር። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ከባድ ተጓዳኝ በሽታ ያለባቸው፣ ከመጀመሪያውም አማካይ ግፊታቸው ከ70 በታች የሆነ፣ በፕሮፖፎል የተኙ፣ ብዙ ፌንታኒል የተሰጣቸው። ከአምስቱ ሁለቱ በባለሙያው እጅ ያሉ ናቸው።

አረጋውያን ላይ ተጨማሪ ነገር አለ። የፕሮፖፎል እንቅልፍና የፕሮፖፎል ግፊት ማውረድ በአንድ ፍጥነት አይመጡም። እንቅልፉ ይቀድማል፣ የግፊቱ መውረድ ይዘገያል። ዕድሜ ሲጨምር መዘግየቱ ይረዝማል። ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ላይ ከወጣቶቹ እጥፍ ገደማ ሊሆን ይችላል። ደማቸውም ቀስ ብሎ ስለሚዞር እንቅልፉ ራሱ ይዘገያል። የቸኮለ ባለሙያ «አልተኙም» ብሎ ይጨምርላቸዋል። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ሁለቱም መጠን አንድ ላይ ይደርሳል። ማረጋጊያም ቀድመው ወስደው ከሆነ መውረዱ ይብሳል። ለአረጋውያን መጠኑን በኪሎ ወደ 1 ሚሊ ግራም ገደማ ዝቅ ማድረግና ቀስ ብሎ መስጠት የሚመከረው ለዚህ ነው።

የቆየ የደም ግፊት ያለባቸውም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው። አንጎላቸውና ኩላሊታቸው ከፍ ያለ ግፊት ለምደዋል። ለሌላው የሚበቃው 65 ለእነሱ ላይበቃ ይችላል።

በሾክ ውስጥ ያለ (የደም ዝውውሩ ክፉኛ የተዳከመ)፣ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ በጥቂት ሚዳዞላምም ሊወድቅ ይችላል። ግፊቱን አቁሞ የያዘው የሲምፓቴቲክ ነርቭ ጩኸት ብቻ ነው፤ ማረጋጊያው እሱን ያስታግሳል። እንዲህ ያለውን ሰው በኬታሚን ወይም በኤቶሚዴት ማስተኛት ይመረጣል። ኬታሚን ነርቮቹን ስለሚያነቃቃ ግፊትን ይደግፋል። ሰውነቱ አድሬናሊኑን አሟጦ ከጨረሰ ግን ኬታሚንም ልብን ሊያደክም ይችላል። ኤቶሚዴት ግፊትን ብዙም አይነካም፤ የአድሬናል እጢን ሥራ ለጊዜው ያግዳል።

በሽተኛው ምን ቢያደርግ?

ከዋዜማው በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ማረጋጊያ ይሰጠኝ ይሆን?» ከሚለው ይሰፋል። የምወስዳቸውን ኪኒኖች የትኛውን ልቀጥል፣ የትኛውን ላቁም፣ ከመቼ ጀምሮ? መልሱ ከአንድ ሰው ቢመጣ ይመረጣል፤ ሁለት የተለያየ መልስ ከተሰማ ደግሞ የመጨረሻው ቃል የሰመመን ባለሙያው እንዲሆን መጠየቅ ተገቢ ነው። ውሃም ሳይጠጡ መዋል አያስፈልግም። በብዙ አገር መመሪያ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር፣ እንደ ውሃ ያለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ሰመመኑ ሊሰጥ ሁለት ሰዓት እስኪቀር ድረስ ይፈቀዳል። ደርቆ የገባ ሰው ግፊቱ ይበልጥ ይወርዳል።

ጠዋት የተዋጠ ነገር ካለ ስሙንና ሰዓቱን መናገር ያስፈልጋል፤ «ኪኒን ወስጄያለሁ» ማለት አይበቃም። ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት ወይም ለጀርባ ሕመም የሚወሰድ መድኃኒትም ይቆጠራል። ለምሳሌ ጋባፔንቲን ለሕመም የሚታዘዝ ቢሆንም የሚያስተኛና የሰመመን መድኃኒትን የሚያጠናክር ነው። ቤት ውስጥ መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ጠዋትና ማታ፣ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ የለካውን ጽፎ ይዞ ቢሄድ ባለሙያው መነሻውን በር ላይ ከሚያገኘው አንድ ቁጥር አይገምትም።